ሺማኖ ወይስ ስራም? የማርሽ ጦርነትና የአንድ አባት ጥያቄ



ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን በኢንቦክስ ጥያቄ ላከልኝ። እንደኔው እዚህ ዴንቨር የሚኖር፣ ሌሊት ሌሊት መጋዘን የሚሠራ አባት ነው። «ኢንጂነር፣ ልጄ የትምህርት ቤቱ የተራራ ቢስክሌት ቡድን ውስጥ ገባ። የአዲሱን ዋጋ ስሰማ መኪና የምገዛ መሰለኝ። ያገለገሉ ሁለት አግኝቻለሁ፤ ዋጋቸው እኩል ነው። አንዱ ማርሹ ላይ ሺማኖ፣ አንዱ ስራም ይላል። የቱን ልግዛ?» ይላል።

በሁለት መስመር ልመልስለት ጀመርኩና አቆምኩ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ከጀርባው ግን የመቶ ዓመት ታሪክ አለ። ጃፓን አለች፣ ጣሊያን አለች፣ ጀርመን አለች፣ ክስም አለበት። ጎበዝ መሐንዲስ ለምን እንደሚሸነፍ፣ የተገፋ ሰው ሲበረታ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ታሪክ ነው። እኔም መጨረሻ ላይ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ስለዚህ ቡናችሁን ቅዱና ተቀመጡ፤ ፖስቱ እንደ ልማዴ ረጅም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ፣ ማርሽ ምን ይሠራል?

አብዛኞቻችን ቢስክሌት የለመድነው በኪራይ ነው። በሰዓት የሚከራይ፣ ፍሬኑ የደከመ፣ ካቴናው በየመቶ ሜትሩ የሚወልቅ። ማርሽ የሚባል ነገር አልነበረውም። ዳገት ሲመጣ ወርዶ መግፋት ነው፤ ሰዓቱ ግን ይቆጥራል።

ማርሽ ያለው ቢስክሌት ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከፊት፣ ፔዳሉ ላይ ያለው ክብ 32 ጥርስ አለው እንበል። ከኋላ ያለው 10 ጥርስ ቢሆን፣ ፔዳሉን አንዴ ስታዞር ጎማው 3.2 ጊዜ ይዞራል። የዛሬው ትልቁ የተራራ ጎማ በአንድ ዙር 2.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ዙር ፔዳል ከ7 ሜትር በላይ ተጓዝክ ማለት ነው። ከኋላ ያለውን ወደ 50 ጥርስ ብትቀይረው ግን ጎማው 0.64 ዙር ብቻ ይዞራል፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው የምትሄደው። ርቀቱ ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ግን አምስት እጥፍ ሆነ። በነፃ የሚገኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ በሰጠህ ሁለት እግር ምን ያህል ርቀትና ምን ያህል ጉልበት እንደምትገዛበት ብቻ ነው የምትመርጠው።

መኪና ይህንን የሚሠራው በካምቢዮ ውስጥ፣ ጥርሶቹ በዘይት ተነክረው፣ አቧራ ሳይነካቸው ነው። ቢስክሌት ግን ካቴናውን በጭቃና በአቧራ መሀል፣ እየዞረ ሳለ፣ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ገፍቶ ማሻገር አለበት። ይህን የሚሠራው ከኋላ ጎማ አጠገብ የተንጠለጠለችው ማርሽ ቀያሪ ናት። ሁለት ትናንሽ የጥርስ መዘውሮች፣ አንድ ሞላ፣ አንድ ካቮ፤ በቃ። ጦርነቱ ሁሉ በዚህች ዕቃ ላይ ነው።

2. ሁለቱ ጃፓናውያን ጎረቤቶች

ኦሳካ አጠገብ ሳካይ የምትባል ከተማ አለች። በድሮ ዘመን በሰይፍ፣ በቢላዋና በጠመንጃ ሥራ የታወቀች፣ የብረት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድባት ከተማ ናት። በ1921 ሾዛቡሮ ሺማኖ የሚባል ወጣት ባለሙያ በተዋሰው አንድ ቶርኖ እዚያ ሥራ ጀመረ። የመረጠው ዕቃ ፍሪዊል ነበር፤ ማለትም ፔዳል መምታት ስታቆም ጎማው ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገው የኋላ ጥርስ። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ግን በትክክል ካልተሠራች ቢስክሌቱ ዋጋ የለውም። ልጆቹ ድርጅቱን ተረክበው በ1960ዎቹ ብረትን ሳያግሉ በግፊት ቅርፅ የማስያዝ ቴክኖሎጂ አዳበሩ፤ በ1965 አሜሪካ ውስጥ ቅርንጫፍ ከፈቱ።

በዚያው በኦሳካ አካባቢ ማኤዳ የሚባል ሌላ ድርጅት ነበር። ከሺማኖ ይቀድማል፤ በ1912 የተመሠረተ ነው። ዕቃዎቹ ላይ ሰንቱር የሚል ስም ያትማል። ይህን ስም ያዙልኝ፤ የታሪኩ አሳዛኝ ሰው እሱ ነው።

በዚያን ጊዜ የማርሽ ንጉሥ ጣሊያን ነበረች። ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1933 በቪቼንዛ ያቋቋመው ድርጅት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግራን ስፖርት የተባለውን ማርሽ ቀያሪ አወጣ፤ በትይዩ ክንዶች የሚንቀሳቀስ፣ የዘመኑ ድንቅ ሥራ። አንድ እንከን ግን ነበረበት። የኋላ ጥርሶቹን ከጎን ብታዩአቸው እንደ ደረጃ ናቸው፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየሰፉ ይሄዳሉ። የካምፓኞሎ ክንድ ግን በአግድም ቀጥ ብሎ ነበር የሚሄደው። ትልቁ ጥርስ ጋ ሲደርስ ቅርብ ነው፤ ትንሹ ጋ ሲደርስ ይርቃል። በራቀ ቁጥር ካቴናው ይለግማል፣ ለመግባት ያመነታል።

በ1964 የሰንቱሩ መሐንዲስ ኖቡኦ ኦዛኪ አንድ ነገር አደረገ፦ ክንዱን አጋደለው። በቃ ይኼው ነው! ክንዱ ሲጋደል የላይኛዋ መዘውር የጥርሶቹን ደረጃ ተከትላ አብራ ትወርዳለች፣ አብራ ትወጣለች፤ ክፍተቱ ሁሌ ተመሳሳይ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ ቀላልና ብልህ ሐሳብ በማርሽ ታሪክ ውስጥ አላውቅም። ሰንቱር በፓተንት አስመዘገበው። ለሃያ ዓመት ሌላ ሰው ሊነካው አይችልም። በእነዚያ ዓመታት የሰንቱር ርካሹ ማርሽ ከአውሮፓ ውዱ በተሻለ ይቀይር ነበር። ሺማኖም የራሱን ሌላ መንገድ ሲሞክር ቆየ።

ሐሳቡ የሰንቱር፣ ፓተንቱ የሰንቱር፣ ዋጋው ርካሽ። ታዲያ ዛሬ ሱቅ ገብታችሁ የሰንቱር ማርሽ ስጡኝ ብትሉ ለምን አታገኙም?

3. ታማልፓይስ ተራራ

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ማሪን በምትባለው ካውንቲ ውስጥ ታማልፓይስ የሚባል ተራራ አለ። በ1970ዎቹ እዚያ ያሉ ወጣቶች በ1930ዎቹና 40ዎቹ የተሠሩ፣ ጎማቸው የወፈረ የቆዩ ቢስክሌቶች ከቆሻሻ መሀል እየፈለጉ፣ ተራራው ላይ ወጥተው በጥርጊያ መንገድ ቁልቁል ይለቁ ነበር። በ1976 ውድድር አደረጉት። ስሙ «ሪፓክ» ተባለ። የስሙን ምክንያት መካኒክ የሆነ ሰው ይወደዋል፦ ፍሬኑ ያለው የኋላው ሞዞ ውስጥ ነው፤ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙ በማይበልጥ መንገድ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ሞዞው ከመጋሉ የተነሳ ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ታች ሲደርሱ ሞዞውን ፈትቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ነው። ሪፓክ ማለት ይኸው እንደገና መሙላት ነው።

መውረዱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ግን መግፋት ወይም በፒክአፕ መጫን ነበር። ጌሪ ፊሸር የሚባለው ከመሀላቸው አሮጌ ቢስክሌቱ ላይ ማርሽ ገጠመና በፔዳል መውጣት ጀመረ። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚህ ሥራ ብቻ የታሰበ ቴላዮ በእጁ ሠራ። ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በ1979 ቶም ሪቺ በሚሠራቸው ቴላዮዎች የንግድ ሥራ ጀመሩ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ድርጅት ስታምፕጃምፐርን ጃፓን አሠርቶ በብዛት መሸጥ ሲጀምር፣ የተራራ ቢስክሌት የጥቂት ጎረምሶች ጨዋታ መሆኑ ቀረ። የመጀመሪያው ስታምፕጃምፐር ላይ የተገጠመው ማርሽ የሰንቱር ነበር።

ሺማኖ ግን አሜሪካ ላሉ የቢስክሌት ሱቆች ሰዎቹን እየላከ መካኒኮችን የሚያዳምጥ ድርጅት ነበር። ይህን አዲስ ነገር ቶሎ አሸተተ። በ1982 ዲኦሬ ኤክስቲን አወጣ፤ ማርሽ ቀያሪው ላይ የአጋዘን ራስ የተቀረጸበት፣ ለተራራ ቢስክሌት ብቻ ተብሎ በአንድ ላይ የተነደፈ የመጀመሪያው ሙሉ የዕቃ ስብስብ። ማርሹ፣ የእጅ መቀየሪያው፣ ፍሬኑ፣ ሞዞው ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ነው። ሰንቱርም በዚያው ሰሞን ማውንቴክ የተባለ የተራራ ማርሽ ቀያሪ አወጣ። ክንዱ እንደ ድሮው ጎበዝ ነበር፤ ነገር ግን በላይኛዋ መዘውር ውስጥ የደበቁት ሞላ ጭቃና አቧራ አልቻለም። ለተራራ ተሠርቶ ተራራ ያሸነፈው ዕቃ ሆነ።

4. ድር ቢያብር

ከዚያ 1984 መጣ። የሰንቱር ፓተንት ሃያ ዓመት ሞላው።

ሺማኖ ቀኑን ጠብቆ የተጋደለውን ክንድ ወሰደ። ስርቆት አይደለም፤ ሕጉ የሚለው እንደዚያ ነው። ወስዶ ግን ዝም ብሎ አልገለበጠውም። ከሌላ ሐሳብ ጋር አጋባው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ማርሽ መቀየር እንደ ክራር መቃኘት ነበር፤ የእጅ መቀየሪያውን በስሜት ትስባለህ፣ ካቴናው ሲንጫጫ ትንሽ ትመልሳለህ፣ ጆሮህ ዳኛ ነው። ሺማኖ መቀየሪያው ላይ ጥርስ አበጀለትና «ጠቅ» እንዲል አደረገው። አንድ ጠቅ፣ አንድ ማርሽ። ስሙን ኤስ.አይ.ኤስ አለው። በ1985 ሞዴል የመንገድ ቢስክሌት ዕቃው ላይ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ተራራው አመጣው።

ይህ «ጠቅ» ቀላል ይመስላል። ለመሐንዲስ ግን ቅዠት ነው። ጠቅ ያለው መቀየሪያ የሚስበው ካቮ የተወሰነ ሚሊሜትር ነው። ካቮው ከተለጠጠ፣ ሽፋኑ ከተጨመቀ፣ ካቴናው ከሳሳ፣ የጥርሶቹ ርቀት ትንሽ ከተለያየ «ጠቅ» ይልና ማርሹ አይገባም። ሺማኖ ያደረገው መቀየሪያውን፣ ካቮውን፣ ሽፋኑን፣ ካቴናውን፣ የኋላ ጥርሱንና ማርሽ ቀያሪውን አንድ ላይ ነድፎ «ወይ ሁሉንም ግዙ፣ ወይ ተዉት» ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? አንበሳው ታሰረ።

ሰንቱር አኩሺፍት በሚል መልስ ሰጠ። ነገር ግን የቢስክሌት አምራቾች ከሌላ ቤት ካቴና፣ ከሌላ ቤት የኋላ ጥርስ ጋር ቀላቅለው ገጠሙት፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም። ደንበኛ ሱቅ ገብቶ ሁለት ቢስክሌት ይሞክራል፤ አንዱ ጠቅ ብሎ ይገባል፣ ሌላው ያጉረመርማል። የ1964ቱን ታሪክ የሚነግረው ማን ነው? በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰንቱር ተሸጠ፤ ሳካኤ ከሚባል ሌላ ድርጅት ጋር ተዋሐደ። ዛሬ ኤስ.አር. ሰንቱር የሚል ስም በርካሽ ቢስክሌቶች የፊት ሹካ ላይ ታያላችሁ፤ ስሙ ይኸው ቀርቷል፣ ማርሹ ግን ሞቷል።

ሺማኖ ግን ሩጫውን ቀጠለ። በ1989 ጥርሶቹን በልዩ ቅርፅ እየጠረበ ካቴናው ጉልበት ላይ እያለም እንዲሻገር አደረገ፤ ሃይፐርግላይድ ይባላል። በ1990ዎቹ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የሚጫን መቀየሪያ ተስፋፋ። ተራራ ላይ ሌላ ስም አይታይም ነበር።

5. ቺካጎ

በ1987 ቺካጎ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው አንድ ትንሽ ድርጅት መሠረቱ። ስሙን ከራሳቸው ስም ቆርጠው ቀጠሉት፦ ከስኮት፣ ከሬይና ከሳም «ስራም»። ሬይ የተባለው ስታን ዴይ ነው። ሐሳባቸው አንድ ብቻ ነበር፦ ማርሹን ለመቀየር እጅ ከመሪው ለምን ይነሳል? እንደ ሞተር ሳይክል ጋዝ መሪው ላይ ተጠምዝዞ የሚቀይር ግሪፕ ሺፍት የሚባል ዕቃ ሠሩ። ክፍሎቹ ጥቂት፣ ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው ርካሽ።

ዕቃው ጥሩ ነው፤ ማን ይግዛው? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጦዘው። ሺማኖ የማርሽ ዕቃቸውን በሙሉ ከእሱ ለሚገዙ የቢስክሌት አምራቾች 10 ከመቶ ቅናሽ ይሰጥ ነበር ተባለ። አስቡት፤ ትርፉ በሳንቲም በሚቆጠርበት ገበያ ላይ አንድ አምራች የስራምን የ10 ዶላር ዕቃ ልግጠም ቢል፣ ቅናሹን በሙሉ ዕቃ ላይ ያጣል። ግሪፕ ሺፍት በነፃ ቢሰጠው እንኳ ይከስራል። ስራም በ1990 ይህ ፍትሐዊ ንግድ አይደለም ብሎ ከሰሰ። በ1991 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ፤ የገንዘቡ መጠን አልተገለጸም። ከዚያ በኋላ ግሪፕ ሺፍት በተራራ ቢስክሌቶች ላይ እንደ አሸን ፈላ።

ስራም ከዚህ አንድ ነገር ተምሯል ብዬ አምናለሁ፦ መቀየሪያ ብቻ ይዞ ሁሉም ነገር ካለው ጋር አይታገሉም። ስለዚህ መግዛት ጀመረ። በ1997 የጀርመኑን የዛክስን የቢስክሌት ክፍል ገዛ። ዛክስ ከ1895 ጀምሮ በሽቫይንፉርት ሞዞና ኩሽኔታ የሚሠራ አንጋፋ ቤት ነው፤ ከእሱ ጋር ካቴናውንና የመሐንዲሶቹን የመቶ ዓመት ልምድ አገኘ። ከዚያ ሮክሾክስን፣ አቪድን፣ ትሩቫቲቭን ጨመረ፤ ሹካ፣ ፍሬን፣ ክራንክ። በአሥር ዓመት ውስጥ እሱም ሙሉ ቤተሰብ ሆነ።

በምህንድስናም የራሱን መንገድ ያዘ። የሺማኖ ማርሽ ካቮው ትንሽ ሲሳብ ብዙ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንድ ለሁለት ያህል። እጅ ላይ ቀላል ነው፣ ግን ሽፋኑ ውስጥ ትንሽ ጭቃ ቢገባ ስህተቱም በዚያው ልክ ይባዛል። ስራም አንድ ለአንድ አደረገው። መጥመዘዙ ይበዛል፣ ስህተቱ ግን አይባዛም። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የተለያየ ነገር ነው የመረጡት። በዚህ የተነሳ ግን የአንዱ መቀየሪያ ከሌላው ማርሽ ቀያሪ ጋር አይሠራም። ግድግዳው ከፍ አለ።

ሺማኖም ተሳስቷል፤ ፍርድ እንዳላዛባ። በ2003 የተራራ ቢስክሌት ዋና ዕቃው ላይ የፍሬን መያዣውንና የማርሽ መቀየሪያውን አንድ አደረገው። ፍሬን ስትይዝ የምትጫነውን ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ስታደርገው ማርሽ ይቀይራል። በወረቀት ላይ ውብ ነው። ጋላቢዎቹ ግን አልወደዱትም፤ አንደኛ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘህ ስትንገጫገጭ ማርሽ ይቀየራል፣ ሁለተኛ ደግሞ የሌላ ቤት ፍሬን መግጠም አትችልም። ብዙዎች በዚያ ሰሞን ወደ ስራም ሄዱ። ሺማኖ ትንሽ ቆይቶ ሁለቱን መልሶ ለያቸው።

6. ከፊት አንድ ብቻ

በ2000ዎቹ የተራራ ቢስክሌት ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ዘጠኝ ጥርስ ነበረው። 27 ማርሽ ተብሎ ይሸጣል። ቁጭ ብላችሁ ብታሰሉት ግን ብዙዎቹ እርስ በርስ የሚደጋገሙ ናቸው። ለመደጋገሙ ደግሞ ከፊት ሌላ ማርሽ ቀያሪ፣ ሌላ ካቮ፣ ሌላ መቀየሪያ ትሸከማለህ።

በ2012 ስራም ከፊት ያለውን ማርሽ ቀያሪ አውጥቶ ጣለው። ከፊት አንድ፣ ከኋላ 11፤ ከ10 ጥርስ እስከ 42። ካቴናው እንዳይወልቅ የፊቱን ጥርስ አንዱን ወፍራም፣ አንዱን ቀጭን እያደረገ ሠራው፤ የካቴና መጋጠሚያም አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነውና እንደ ቁልፍ ይገጥማል። የኦዛኪን የተጋደለ ክንድም ትቶ ክንዱን በአግድም አስኬደው፤ ክፍተቱን የላይኛዋን መዘውር አሸሽቶ በማስቀመጥ ጠበቀው። በ2016 ኢግል በሚል ስም ከኋላ 12 አደረገ፤ ከ10 እስከ 50፣ ማለትም 500 ከመቶ። ከፊት ሁለት ጥርስ ያለው ቢስክሌት የሚሰጠውን ስፋት በአንድ መቀየሪያ ብቻ ሰጠ። ሺማኖ ተመሳሳዩን ያወጣው በ2018 ነው፤ ከ10 እስከ 51። ለመጀመሪያ ጊዜ መምህሩ ተማሪውን ተከተለ።

ነገር ግን አስተውሉ። 10 ጥርስ በቆየው የሺማኖ ሞዞ ላይ አይገባም፤ ስለዚህ ስራም አዲስ ሞዞ አወጣ። ሺማኖም 12 ሲያደርግ ስራም ያወጣውን አልወሰደም፣ ሌላ አዲስ ሞዞ አወጣ። ስራም በ2019 ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበትን ብረት በአንድ ዓይነት ልክ ነድፎ ለቴላዮ አምራቾች ሁሉ በነፃ ሰጠ፤ ሁሉም ደስ ብሎት ተቀበለ። በ2023 ያንን ብረት አውልቆ በቀጥታ ቴላዮው ላይ የሚታሰር ሽቦ አልባ ማርሽ አወጣ፤ የሚገጥመው ለዚያ ልክ በተሠሩ ቴላዮዎች ላይ ብቻ ነው። ካቴናው፣ የኋላ ጥርሱ፣ የፊት ጥርሱ የአንድ ቤተሰብ ካልሆኑ አይሠራም። በ1990 «ሁሉንም ግዙ ወይ ተዉት» የሚለው አሠራር ያንገፈገፈው ድርጅት፣ ዛሬ እሱም ያንኑ ይላል። ክፋት ነው አልልም። «ጠቅ» የሚለው ማርሽ በባሕርዩ ቤተሰብ ይፈልጋል። ግን የተገፋ ሰው ሲበረታ ምን እንደሚያደርግ አይተናል።

7. ኑዛዜ

አሁን የራሴን ልናገር። ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አገር ቤት፣ የገጠር ውሃ ሥራ ላይ ነበርኩ። ለአራት ቀበሌ ፓምፕ ይገዛ ተባለና የቴክኒክ ግምገማው ለእኔ ተሰጠኝ። ሦስት ዓይነት ቀረበ። ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ የሚወስደውን ኃይልና የሚሰጠውን ውሃ በክፍልፋይ አሰላሁ። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ይበልጣል። ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ጉቦ አልሰጠኝም። ምርጡን መረጥኩ።

በአንድ ዓመት ከመንፈቁ የአንዱ ፓምፕ ሲል አለቀ። ከጎማና ከሴራሚክ የተሠራች፣ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ። ለዚያ ፓምፕ የሚሆነው የራሱ ፋብሪካ የሚሠራው ብቻ ነው፤ ልኩ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ጥያቄ ጻፍን፣ የውጭ ምንዛሪ ጠበቅን፣ አምስት ወር ሆነ። በዚያ መሀል ሁለተኛው ቆመ። ሄጄ ሳይ እናቶች ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዙ ተመልሰዋል። አንዲት እናት ምን አሉኝ? «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ጎበዝ ነው አላችሁን። ጎበዝ ከሆነ ለምን ዝም አለ?» መልስ አልነበረኝም። እዚያ አጠገብ ያለው ወረዳ በእኔ ሰንጠረዥ መጨረሻ የወጣውን ፓምፕ ነበር የገጠመው። ዕቃው ከተማው ሱቅ ውስጥ ስለሚሸጥ ውሃቸው አልተቋረጠም።

ያኔ የገባኝ ይህ ነው፦ ሰንጠረዤ ላይ «መለዋወጫው የት ይገኛል?» የሚል ዓምድ አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ወረቀቴን አልለቀቅኩም ነበር። የሰንቱርን ታሪክ ከዓመታት በኋላ ሳነብ ያ ፓምፕ ነው ትዝ ያለኝ። ኦዛኪ የሠራው ክንድ ምርጥ ነበር። ግን ማንም ሰው ክንድ ብቻ አይገዛም፤ የሚገዛው ዳገት የሚያወጣውን ቢስክሌት ነው።

8. መልሱ

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአባትየውና ከልጁ ጋር ሁለቱንም ቢስክሌቶች ልናይ ሄድን። ስሙን አላየንም፤ የሚከተለውን ነው ያየነው። እናንተም ስትገዙ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ካቴናውን ለኩ። አዲስ ካቴና 12 ሙሉ መጋጠሚያው ልክ 12 ኢንች ነው። ከዚያ በ1/16 ኢንች ካለፈ ካቴናው አልቋል። በ1/8 ካለፈ የኋላ ጥርሱንም በልቶታል፤ ሁለቱንም ትቀይራላችሁ።

ሁለተኛ፣ የኋላ ጥርሱ ሲያልቅ ስንት እንደሚያወጣ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። የስራሙ ቢስክሌት 12 ማርሽ ያለው፣ የሚያምር ነበር፤ ካቴናው ግን ከ1/8 አልፏል። ለዚያ ደረጃ የሚሆነው የኋላ ጥርስ ብቻውን በመቶዎች ዶላር ነው። የሺማኖው ባለ 10 ማርሽ ዲኦሬ፣ ካቴናው ገና ነው፣ የኋላ ጥርሱም ርካሽና የትም የሚገኝ።

ሦስተኛ፣ ማርሽ ቀያሪው የተንጠለጠለበትን ብረት ከኋላ ሆናችሁ እዩ። ከተጣመመ ማርሹ የማንም ይሁን የማን አይታዘዝም።

የሺማኖውን ገዛን። ስለ ሺማኖ ብለን አይደለም። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ፣ የሺማኖው ያለቀ፣ የስራሙ ርካሽ ደረጃ ቢሆን ኖሮ፣ ስራሙን ግዛ እለው ነበር። ስራምም በቆየው ሞዞ ላይ የሚገባ ርካሽ ባለ 12 ይሠራል። እንዲያውም ሁለቱ ባይፎካከሩ ኖሮ ይህ አባት ዛሬም ባለ 27 ማርሽ ከፊት የሚወልቅ ካቴና ይገዛ ነበር።

ልጁ ታሪኩን መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ነገርኩት። ቤት ስንደርስ ቢስክሌቱን ገልብጦ አቆመና «ጋሼ፣ የሰንቱር የምትለው ሐሳብ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ፔዳሉን እንዲያዞር አድርጌ መቀየሪያውን ጠቅ ጠቅ አደረግኩ። የተጋደለው ክንድ ከጥርስ ጥርስ አብሮ ሲወጣ አየው። ላዩ ላይ ሺማኖ ይላል። ልጁ በጣቱ ነካውና «ታዲያ ስሙን ለምን አልጻፉለትም?» አለ። አባትየው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በሉ ሰላም ሁኑ። ያገለገለ የተራራ ቢስክሌት ጎማ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ 29 ኢንች ነው። ለልጁ ነው፣ የፊቱ አልቋል።